ከገጹ ሥር ያሉ ሦስት ማዕዘኖች

በዚያ ቤተ ሙከራ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ባለመርፌዋ» ይሏታል። መርፌው የልብስ መስፊያ አይደለም፤ ጫፉ ላይ አንድ አቶም ብቻ እስኪቀር ድረስ የሾለ የቱንግስተን ሽቦ ነው። እሷ ያንን ሽቦ አየሩ ተመጥጦ በወጣለትና በፈሳሽ ሂሊየም በቀዘቀዘ በርሜል ውስጥ አስገብታ፣ ከአንድ ክሪስታል ገጽ በላይ ልትነካው ምንም ሳይቀራት ታንሳፍፈዋለች። መርፌው ገጹን ሳይነካ ይዳስሰዋል። የዳሰሰውን ደግሞ መስመር በመስመር፣ እንደ ታረሰ ማሳ አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ያሳያል። ሲያሻት አንዱን አቶም በጫፉ ገፋ አድርጋ ከቦታው ታንቀሳቅሰዋለች። ይህን ለማየት የሚመጡ እንግዶች ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ። እሷ ግን «ድንች እንደ መላጥ ነው፤ እጅ ሲለምድ ቀላል ነው» ትላቸዋለች።

የምትዳስሰው ክሪስታል ከቢስሙዝና ከቴሉሪየም የተሠራ፣ ጠባዩ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ውስጡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ቆዳው ግን ያሳልፋል። ለሁለት ቢሰነጥቁት አዲስ የወጣው ቆዳ ያሳልፋል፣ ውስጡ አሁንም እምቢ ይላል። በዚያ ቆዳ ላይ የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች እንቅፋት ሲገጥማቸው ፊታቸውን አዙረው አይመለሱም፤ ዞረውት ያልፋሉ። እነሱን የሚያስቆም ነገር ቢኖር ማግኔት ነው። ባለመርፌዋ ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋችው ለዚህ ነበር። የብረት አቶሞችን በዚያ ቆዳ ላይ አንድ በአንድ እየደረደረች ኤሌክትሮኖቹን ባሰኛት ቦታ ማቆም፣ ባሰኛት ቦታ ማሳለፍ ፈለገች። እንደ በር ማለት ነው፤ ዓይን የማያየው በር።

ክሪስታሉን የሚያበቅልላት ታላቅ ወንድሟ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤት ወስዶ ያስመዘገባት እሱ፣ የሒሳብ ደብተሯን ማታ ማታ የሚያርመው እሱ፣ ስትታመም ታቅፏት ሐኪም ቤት የሚሮጠው እሱ። ኋላም ወደዚህ ሙያ የሳባት እሱ ነው። በቤተ ሙከራው «አብሳዩ» ይባላል። ዱቄቱን መዝኖ፣ በኳርትዝ ቱቦ አሽጎ፣ በእቶን ውስጥ ለቀናት አቅልጦና አብርዶ፣ ፊት የሚያሳይ ብርማ ቁራጭ ያወጣል። ንጽሕናውን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ «የአብሳዩ ነው» ከተባለ አለቀ። እሷ «ጋሼ» እያለች በ«እርስዎ» እንጂ በ«አንተ» ጠርታው አታውቅም። እሱ «እታለም» ይላታል።

ሦስቱ ዓመታት መና ቀሩ። አሥር አቶም ስትደረድር ኤሌክትሮኖቹ ዞረው ያልፋሉ። ሃያ ስትደረድርም ያልፋሉ። አንድ መስመር ለመደርደር ሙሉ ቀን ይፈጅባታል፤ ማለዳ ገብታ ከሰዓት በኋላ አንገቷ ደርቆ ትወጣለች። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ቢሮው አስጠርቶ ሻይ አዘዘላትና «ሌላ ርዕስ ብታስቢ ምን ይመስልሻል?» አላት። ሻዩን ሳትጠጣው ወጣች። ወንድሟ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ፊቷን አይቶ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ «አይዞሽ፣ አዲስ ክሪስታል እያወጣሁልሽ ነው» ብቻ አላት።

በዚያ አዲስ ክሪስታል ላይ ሃያ አንድ የብረት አቶሞች ደረደረች። መርፌውን ከመደዳው አጠገብ አቁማ የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ስትለካ፣ ሁልጊዜ ደልዳላ ሆኖ የሚያልፈው መስመር መሐሉ ላይ ገደል ገባ። እንደገና ለካች። ገደሉ አለ። ራቅ ብላ አቶም ያልደረደረችበት ቦታ ለካች፤ ደልዳላ ነው። ተመልሳ መጣች፤ ገደሉ አለ። በሯ ተከፍቷል፣ ወይም ተዘግቷል፤ እንዴት ብላ እንደምትናገረው እንኳ ጠፋት። ጋውኗን እንደለበሰች ደረጃውን በሩጫ ወርዳ የእቶኑ ክፍል ገባች።

«ጋሼ፣ ቆሙ» አለችው።

«እነማን?»

«ኤሌክትሮኖቹ።»

ወንድሟ ጓንቱን አወለቀ። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ዓይኑን ከጓንቱ ሳያነሳ «እሰይ፣ ጎሽ እታለም» አላት። ድምፁ ሰለል ብሎ ነበር። ደስታ ነው ብላ አሰበች፤ እሷም አልቅሳ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። ጽሑፏ በትልቅ መጽሔት ወጣ። ንግግር እንድታደርግ ከሩቅ ይጠሯት ጀመር። ቤተ ሙከራው አዲስ ማይክሮስኮፕ ያለበት አዲስ ክፍል ሰጣት። እናታቸው በሚኖሩበት ሕንጻ ደረጃ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ «ልጄ በር ሠርታ ተሸለመች» ብለው ስላወሩ፣ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታቸው መጥታ «የኛም የጓዳ በር ሲከፈት ይጮሃል፣ አንድ ቀን ብታይልን» ብላ ለመነቻቸው። ወንድምና እህት ይህን ሰምተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አንድ ነገር ብቻ በዚያን ሰሞን ዓይኗ ገብቶ ነበር። በአዲሶቹ ክሪስታሎች ገጽ ላይ፣ ከአቶሞቹ ሰልፍ ሥር፣ ደብዘዝ ያሉ ጥቋቁር ሦስት ማዕዘኖች ይታያሉ፤ አንድ ነገር ከታች ሆኖ ወደ ላይ የጣለው ጥላ ይመስላሉ። በጋራ በሚጽፉበት የሥራ ደብተር ላይ «እነዚህ ሦስት ማዕዘኖች ምንድን ናቸው? በድሮዎቹ ላይ ያየኋቸው አይመስለኝም» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ከሥሩ በወንድሟ ጥንቁቅ የእጅ ጽሕፈት መልስ አገኘች፦ «ቢስሙዝ የጎደለባቸው ቦታዎች ናቸው። የተፈጥሮ ጉድለት ነው። አትጨነቂ።»

አልተጨነቀችም።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ እንግዳ መጣች። የሌላ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ናት፤ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ወሬዋ ፈጣን የሆነ ሴት። ትንሽ የብረት ሻንጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ይዤ የመጣሁት ስድብ አይደለም፣ ክሪስታል ነው» አለች። «እኛ አንድ ዓመት ሞከርን፤ አልሆነም። የማውቃቸው ሌሎች ሰዎችም ሞክረው አልሆነላቸውም። ምናልባት የእጅ ጉዳይ ከሆነ በእኔ ክሪስታል ላይ አንቺ ሥሪና ልይ።»

ባለመርፌዋ ደስ አላት። እጇን የምታሳይበት አጋጣሚ ነበር። የእንግዳዋን ክሪስታል አየር በሌለበት በርሜል ውስጥ ሰንጥቃ አዲስ ገጽ አወጣች። ሃያ አንድ አቶሞች ደረደረች፣ ለካች። ደልዳላ። አርባ አደረገች። ደልዳላ። አራት ቀን ሞከረች፤ ኤሌክትሮኖቹ ማንም እንዳላስቆማቸው ሁሉ ያልፋሉ። በአምስተኛው ቀን የወንድሟን ክሪስታል አስገባች። በመጀመሪያው ልኬት ገደሉ ፊታቸው ተደቀነ።

እንግዳዋ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብላ ምስሉን አየች። «ወንድምሽ ምን ይጨምርበታል?» አለች።

ባለመርፌዋ ደሟ ፈላ። «ምንም አይጨምርበትም። ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ክሪስታል ያበቀለ ሰው ነው። የእናንተ ነው ያልጠራው።»

«ይሆናል» አለች እንግዳዋ፣ ሳትቆጣ። ጣቷን ወደ ምስሉ አስጠጋች። «እነዚህ ጥቋቁር ሦስት ማዕዘኖችስ?»

«የቢስሙዝ ጉድለት ናቸው።»

«በምን አወቅሽ?»

ባለመርፌዋ አፏን ከፈተች። ለክቼ፣ አረጋግጬ፣ አመሳክሬ ልትል ፈለገች። ሥራዋ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ አንዲት አቶም ስትንቀሳቀስ ሦስት ጊዜ ሳትለካ ደብተር ላይ አታሰፍርም። ከአፏ የወጣው ግን «ወንድሜ ነገረኝ» የሚል ነበር። የራሷን ድምፅ ስትሰማ ጆሮዋ ጋለ።

እንግዳዋ አልሳቀችም። «አንዲት ተማሪ ነበረችኝ» አለች። «ይህን የአንቺን ሥራ እንድትደግም የሰጠኋት። ጎበዝ ልጅ ነበረች። አንድ ዓመት ሞክራ ሲያቅታት እጄ አይረባም ብላ ሙያውን ትታ ሄደች። እኔም ሳልናገር እንደዚያው አስቤ ነበር። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

በማግስቱ ባለመርፌዋ ብቻዋን ተቀምጣ የአምስት ዓመት ምስሎቿን አንድ በአንድ ከፈተች። ባልተሳካላት ሦስት ዓመት ምስሎች ላይ ሦስት ማዕዘኖቹ የሉም። ጭራሽ የሉም። ከዚያች የደስታ ቀን ጀምሮ ግን በሁሉም ላይ አሉ። ቆጠረቻቸው። በእኩል ስፋት ላይ፣ ከአንዱ ክሪስታል ወደ ሌላው፣ ቁጥራቸው ያው ነው። የተፈጥሮ ጉድለት አንዴ ይበዛል አንዴ ያንሳል፤ እንዲህ ተለክቶ አይመጣም። ከቆጠረች በኋላም ቢሆን ልቧ እሺ አላላትም። የሆነ የማታውቀው ምክንያት ይኖራል እያለች፣ ከወንድሟ ክሪስታል ጫፍ ስንጣሪ ቆርሳ በወረንጦ ይዛ ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው ኬሚስት ወሰደችው። ያ ኬሚስት ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ የተሰጠው ነገር ውስጥ ያለውን ሁሉ በየዓይነቱ ስለሚለይ «ሚዛኑ» ይሉታል።

ሚዛኑ በሦስተኛው ቀን ደወለላትና «ብትመጪ ይሻላል» አላት። ስትገባ ወረቀቱን በእጇ አልሰጣትም፤ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ወደ እሷ ገፋው።

«ክሮሚየም አለበት» አላት። «ከመቶ ሁለት ገደማ።»

«ከእቶኑ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል?»

ሚዛኑ መነጽሩን አውልቆ በጋውኑ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። «በስህተት የሚገባው በሚሊዮን ውስጥ ጥቂት ነው። ይኼ ተመዝኖ ነው የገባው፣ እህቴ።»

ክሮሚየም ማግኔትነት ያለው ነገር ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ተበትኖ፣ እያንዳንዱ አቶም በየራሱ አቅጣጫ እያየ ተኝቶ ነበር። እሷ ብረቶቿን ከላይ ስትደረድር ከሥር ያሉት ክሮሚየሞች ይሰለፉላታል። ኤሌክትሮኖቹን ያቆሙት እነዚያ ከታች ያሉት ናቸው እንጂ የእሷ ሃያ አንዶች አልነበሩም። ንጹሕ ክሪስታል ላይ ሠራሁት ብላ በሰው ፊት የማለችበት ሥራ ንጹሕ ክሪስታል ላይ አይሠራም። ይህን ሁሉ በደረጃው ስትወርድ በየእርከኑ ተረዳችው።

ወንድሟ የኳርትዝ ቱቦ በነበልባል እያሸገ ነበር። ጥቁር መነጽር አድርጓል። ነበልባል የያዘ ሰው አይጠራምና፣ እስኪጨርስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። እሱ ራሱ ያስተማራት ነው። ሲጨርስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ሲያያት ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ክሪስታሉ ውስጥ ክሮሚየም አለ» አለችው።

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ጋዙን ዘጋ። «ማን ነገረሽ?» አላት።

የቀረችው ትንሽ ተስፋ ያኔ ተቆረጠች። እንዴት ብሎ ቢደነግጥ፣ አይሆንም ብሎ ቢከራከር፣ ቢቆጣት እንኳ ታምነው ነበር። እሱ የጠየቀው ማን እንደነገራት ነው።

«አንተ ነህ የጨመርከው?» አለችው።

«አንተ» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ሁለቱም ሰሙት። ወንድሟ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያሰብኩት» አላት። «ሦስት ዓመት ሙሉ እየጠቆርሽ፣ እየከሳሽ ስትመጪ የማይሽ እኔ ነኝ። ኃላፊው ሊያሰናብትሽ እንደሆነ ለእኔ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ‹እንድትዘጋጅ አድርጋት› ብሎ። ምን ልበልሽ? እንዲህ ያለ ነገር ሲገባበት ገደል እንደሚያወጣ አውቅ ነበር። ቁንጥር ጨመርኩ። ለአንድ ቀን ልቧ ይጠገን፣ ከዚያ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ ልነግርሽ ስመጣ ለእማዬ ደውለሽ ነበር። በሳምንቱ ለኃላፊው ተናግረሽ ነበር። አፌ ተሳሰረ፣ እታለም።»

«እታለም አትበለኝ።»

ወንድሟ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ጊዜ አይደለም» አለችው። «ሁለት ዓመት ነው። ስንት ቱቦ ነው? በየወሩ ዱቄቱን ስትመዝን፣ ያቺን ክሮሚየም በማንኪያ ስታነሳ፣ በየወሩ አስበህ ነው ያደረግኸው።»

«ከጀመርኩት በኋላ ብተወው ትወድቂ ነበር።»

«ልውደቃ። መውደቅ የራሴ ነበር» አለችው። «ጠይቄህ ነበር። በደብተሩ ላይ ጽፌ ጠየቅሁህ። በእጅህ ጽፈህ አትጨነቂ አልከኝ። እኔ ዓይኔ ያየውን ትቼ የአንተን ጽሑፍ አመንኩ።»

ወንድሟ ቀና ብሎ፣ ልጅ ሳለች ሲያባብላት እንደሚያደርገው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብክለት ነው እንበል» አላት። «እቶኑ ቆሽሾ ነበር፣ ሳናውቅ ገብቶ ነው እንበል። የማያጋጥመው ሰው የለም። ሥራውን እናርመዋለን፣ ማንም አይጎዳም።»

«አንዲት ልጅ ተጎድታለች» አለችው። «እጄ አይረባም ብላ ሄዳለች። የእሷ እጅ ምንም አልነበረበትም።»

ወጣች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለኃላፊው የጻፈችው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም።

ኃላፊው ደብዳቤውን አንብቦ በሩን ዘጋ። ሻይ አላዘዘም። «እውነቱን ማንም አይደብቅም» አላት፤ «ቃሉን ግን ለስለስ እናድርገው። ‹ያልታወቀ ባዕድ ነገር ተገኝቷል› ቢባል ምን ይጎድለዋል? ወንድምሽ እኮ ነው። የቤተ ሙከራውም ስም አለ።» እሷ «የታወቀ ነው፤ ስሙ ክሮሚየም ነው፤ ያስገባውም ሰው ይታወቃል» ብላ ሌላ አልጨመረችም። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ።

የኮሚቴው ስብሰባ በአንድ ጠባብ ክፍል ነበር። መስኮቱ አይከፈትም፤ ወንበሮቹ በተነቃነቁ ቁጥር ይጮኻሉ። ወንድሟ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ መጥቷል። ክሮሚየሙን የጨመረው እሱ እንደሆነ ሲጠየቅ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። መቼ እንደጀመረ፣ በምን መጠን እንደሆነ ሁሉንም በትክክል ተናገረ። እሷም ልቧ ትንሽ ረገብ አለ፤ ቢያንስ እዚህ ላይ አልዋሸም ብላ። ከዚያ ሰብሳቢዋ ብዕሯን አስቀምጣ «እህትዎ ያውቁ ነበር?» አለችው።

ቀላል ጥያቄ ነበር። አይ፣ አታውቅም ነበር ማለት ነው። አንድ ቃል ነው።

ወንድሟ እጆቹን አየ። አገላበጣቸው። ከሦስቱ አንዱ ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ። «እንግዲህ» አለ ወንድሟ፣ «እኛ እጅና ጓንት ሆነን ነው የምንሠራው።»

ባለመርፌዋ የሰማችውን አላመነችም። ክሮሚየሙን ስታውቅ ምድር ከዳት፣ ግን ያ ለእሷ ሲል ያደረገው ነው ብላ ልትይዘው የምትችለው ነገር ነበረው። ይኼኛው ምንም አልነበረውም። ስድስት ዓመቷ ሳለ እጇን ይዞ መንገድ ያሻገራት ሰው፣ አሁን ብቻውን ላለመስጠም እጇን ይዞ እየጎተታት ነው። ወደ እሱ ዞረች፤ አላያትም።

ከቦርሳዋ የሥራ ደብተሩን አወጣች። ልታወጣው አላሰበችም ነበር፤ ቤት ስታነበው አድራ በልማድ ይዛው ነው የመጣችው። ገጹን ገልጣ በጠረጴዛው ላይ ወደ ሰብሳቢዋ ገፋችው። ሰብሳቢዋ ጥያቄውን ከነመልሱ ድምፅ አውጥታ አነበበች። «አትጨነቂ» የምትለው ቃል በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በሌላ ሰው አፍ ስትነበብ፣ ወንድሟ ዓይኑን ጨፈነ።

«አታውቅም ነበር» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ምንም አታውቅም ነበር። ይጻፍልኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ከኋላዋ ደረሰባት። «ደንግጬ ነው» አላት። «አምላክ ምስክሬ ነው፣ ደንግጬ ነው። ምን እንዳልኩ አላውቅም።»

«ገብቶኛል» አለችው። «ደህና ይዋሉ።»

«እርስዎ»ን የመለሰችለት ለማክበር አልነበረም። በቢሮ መስኮት በኩል ለማያውቁት ሰው የሚባለው ዓይነት እርስዎ ነበር፤ እሱም ልዩነቱ አልጠፋውም። ጋውኑን ክንዱ ላይ እንዳደረገ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ጽሑፉ ከነምክንያቱ ተሰረዘ። ወንድሟ ቁልፉን አስረክቦ ጡረታ ወጣ። አዲሱ ክፍልና አዲሱ ማይክሮስኮፕ ለሌላ ቡድን ተሰጠ፤ እሷ ከእቶኑ ክፍል ጎን ወዳለው ወደ ድሮው መሣሪያዋ ተመለሰች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ነገር ግን ምሳ ላይ ወሬው እሷ ስትቀመጥ ይቀዘቅዛል። ሚዛኑ ብቻ ሳህኑን ይዞ እየመጣ ፊት ለፊቷ ይቀመጥና ምንም ሳይናገር ይበላል። ለዚያች ሙያዋን ትታ ለሄደችው ተማሪ አድራሻዋን ከእንግዳዋ ተቀብላ ጻፈችላት፤ ጥፋቱ የእጇ እንዳልነበረ፣ ከየት እንደመጣም ሳትሸፍን ነገረቻት። ከሁለት ወር በኋላ አጭር መልስ መጣ። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፤ ተመልሼ አልመጣም። ግን በዚያን ቀን ደህና እንቅልፍ ተኛሁ» ይላል።

ባለመርፌዋ ክሪስታሉን ራሷ ማብቀል ጀመረች። ከእንግዳዋ ጋር ተነጋግረው፣ በክሮሚየሙ መጠን እየለያዩ፣ ብረቶቹ መቼ እንደሚያሰልፉትና መቼ እንደማይችሉ ሊያጠኑ ነው። ሥራው እውነተኛ ጥያቄ ያለው ሥራ ነበር፣ ትንሽ ቢሆንም። ችግሩ ክሪስታሏ ነው። ከእቶኑ ሲወጣ ይሰነጠቃል፤ አንዱም ለመርፌ የሚሆን ደልዳላ ገጽ አይሰጣትም። ሰባት ቱቦ አበላሸች።

በዓመቱ አንድ ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ወንድሟ እዚያ አለ። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ እየጠገነ ነበር፤ እጅጌው እስከ ክንዱ ተጠቅልሏል፣ ፀጉሩ ከመቼው ነጭ ሆኗል። ተመልሳ ልትወጣ ስትል እናቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ላይ ወሰዱባት።

«የናንተን ብረት እኔ አላውቅም» አሉ እናቷ። «ማን ምን እንደጨመረ፣ ማን ምን እንዳጎደለ ነግራችሁኝ አልገባኝም። እኔ የማውቀው ሁለት ልጅ እንዳለኝ ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሦስቱም በሉ። እናቷ ብቻ አወሩ፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ደረጃው መብራት፣ ስለ ጉልበታቸው። እናቷ ሳህኑን ሊያነሱ ሲነሱ ወንድሟ ጠረጴዛውን እያየ «ክሪስታሉን አንቺው ነሽ አሉ የምታወጪው» አላት።

«አዎ።»

«እንዴት ነው?»

«ይሰነጠቃል።»

ትንሽ አሰበ። «ከቀለጠ በኋላ በስንት ነው የምታበርጂው?»

ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። «ቸኩለሻል። ከአምስት መቶ ሰማንያ አምስት ጀምረሽ እስከ አምስት መቶ ሃምሳ በሰዓት ሩብ ዲግሪ። ከዚያ በታች እንደፈለግሽ።» ተነስቶ ወደ ቧንቧው ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ለማመሳከሪያ ክሮሚየም የማይገባባቸውን ቱቦዎች አዘጋጀች። ወንድሟ የነገራት ቁጥር ትክክል እንደሆነ ታውቃለች፤ በዚህ ነገር እሱን የሚያህል ሰው አላየችም። እንዲያም ሆኖ አንዱን እቶን በእሱ ቁጥር፣ ሌላውን ከመጽሐፍ ባገኘችው ቁጥር፣ ሦስተኛውን በሁለቱ መካከል አድርጋ አስነሳች። ዱቄቱንም ሦስት ጊዜ መዘነችው። ድሮ ቢሆን እንዲህ አታደርግም ነበር። የእሱን ቁጥር በራሷ እጅ ቱቦው ላይ ጻፈችው።

እቶኖቹ ተራ በተራ ሲጠናቀቁ ሦስቱንም ከፈተች። የመጽሐፉ ተሰነጠቀ። የመካከሉ ግማሹ ደህና ነው። የወንድሟ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ፤ ስትሰነጥቀው ገጹ እንደ ረጋ ውሃ ነበር። ስንጣሪ ቆርሳ መጀመሪያ ለሚዛኑ ወሰደችው። ዱቄቱን የመዘነችው ራሷ መሆኗን እያወቀ፣ ሚዛኑ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። «ከቢስሙዝና ከቴሉሪየም ሌላ ምንም የለበትም» አላት በሦስተኛው ቀን።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ፣ እሑድ፣ እናቷ ደወሉ። «ወንድምሽ የነገረሽ ነገር ሠራ?» አሏት።

«ሠራ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ደውለሽ ንገሪው እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ ሰማሽ ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ነው የከረመው።»

ባለመርፌዋ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። በመስኮቱ ትይዩ ካለው ቤት አንዲት ሴት የታጠበ አንሶላ እያሰጣች ነበር።

«አንቺ ንገሪው» አለች።